በቡሎኑ ላይ ያለው ነጭ መስመር

ኡልም፣ ማርች 12 ቀን 1994

አባዬ፣

ደህና ነህ ወይ ብዬ አልጠይቅህም። «ደህና ባልሆን ኖሮ ሐኪሙ ይነግርሽ ነበር» እንደምትለኝ አውቃለሁ። ዘግይቼ በመጻፌ ግን ይቅርታ አድርግልኝ። እጄ ከቅባት የሚጸዳበት ቀን ጠፍቶ ነው ልልህ ነበር፤ ውሸት ነው። እዚህ ቅባት የሚባል ነገር የለም።

አዎ፣ ጋራዡ የሚያወሩለትን ያህል ነው። ወለሉ ነጭ ነው፤ ጫማችንን በር ላይ እንቀይራለን። መኪናዋን ከውጭ ስታያት የጎረቤታችን ከተማ የአዴናው ሐኪም ቅዳሜ ገበያ የሚሄድባት ባለ አራት በር መኪና ናት። ሽፋኗን ስታነሳ ግን ከዚያች የቀረላት ስሟና መብራቷ ብቻ ነው። አንዷ መኪና የመንደራችንን ቤቶች ከነላሞቹ ትገዛለች ይላሉ። መካኒኮች አሥራ አንድ ነን፤ የኮምፒውተር ሰዎቹ ሃያ ስድስት። አለቃቸው ዶክተር ፋልክ ባለፈው ሳምንት ነጩን የቀለም እስክሪብቶዬን አይቶ «ይሄ ደግሞ ምንድን ነው?» አለኝ።

«ቡሎን አጥብቄ ስጨርስ ከዳዶው እስከ ብረቱ ድረስ አሰምርበታለሁ። መስመሩ ቀጥ ካለ ዳዶው አልዞረም። ነጭ ከሆነ ያጠበቅሁት እኔ ነኝ፤ ሌላ ሰው አይነካውም።»

«ወይዘሪት ኦከንፌልስ፣ እዚህ መኪና ላይ መቶ ሰባ መለኪያ አለ።»

«ቡሎኑ ላይ ግን የለም።»

ዮስት ከኋላዬ ሆኖ «ዶክተር፣ ከእህቴ ጋር ባትከራከር ይሻልሃል። የአባታችን መስመር አረንጓዴ ነበር» አለው። ሰውዬው እስካሁን አልገባውም።

ዮስት የውድድር ሹፌርነት ውሉን የፈረመው የኋላ ጎማዎቹን እኔ የማስር ከሆነ ብቻ መሆኑን ሰምተህ ይሆናል። መኪናዋ ውስጥ ከመግባቱ በፊት መስመሮቼን አንድ በአንድ በአውራ ጣቱ ይነካል። ልክ አንተ መካኒክ ሳለህ ሹፌርህ ሃርትሙት የአንተን ይነካ እንደነበረው። ካልነካ አይገባም።

አንድ ነገር አከራክሮናል። የቤታችን መስኮቶች ድሮ አረንጓዴ ነበሩ እላለሁ። ዮስት «ድሮም ግራጫ ናቸው» ይላል። ማን ነው ልክ?

ልጅህ ሪኬ

ሄርሽዳል፣ ማርች 20 ቀን 1994

ልጄ ሪኬ፣

ደብዳቤሽ ደርሶኛል። ዓይኔ ያው ነው፤ የግራው ጨርሶ ሄዷል፣ የቀኙ ይበቃኛል። ለካርታ ጨዋታ አንድ ዓይን አያንስም። ሐሙስ ሐሙስ ሃርትሙትና የወፍጮ ቤቱ ክላስ ይመጣሉ፤ የድንች ቂጣ እጠብሳለሁ፣ ክላስ ቃር ያስይዘኛል እያለ ሁሉንም ይጨርሳል። የሃርትሙት እግር ብርድ ሲሆን ያመዋል፤ በአደጋው ያጠረው ግራው ሳይሆን ጤነኛው ቀኙ ነው የሚያመኝ ይላል፤ የሁለቱን ሥራ ስለሚሠራ።

ስለ አንቺ ነገርኩት። «እጇ የአንተ እጅ ነው አሉ» አለ። «እንግዲያው ዮስት ጥሩ እጅ ላይ ወድቋል።»

ደንባችንን አትርሱ። በውድድር ቀን ማንም ስልክ አይደውልም። እናታችሁ ያወጣችው ደንብ ነው፤ እሷ ከሞተችም በኋላ አልተሻረም። ክፉ ወሬ በስልክ ይመጣል፣ ደህና ወሬ በፖስታ ይድረስ። ስልኩ ዝም ካለ ሁለታችሁም በሕይወት አላችሁ ማለት ነው። እኔም ለመልካም ዕድል አውራ ጣቶቼን በመዳፌ ጨብጬ እቀመጣለሁ፤ ሌላ የማግዝበት መንገድ የለኝም።

የመስኮቱ ቀለም ትዝ አይለኝም።

አባትሽ ጌርዊን

ሄልሲንኪ፣ ኦገስት 21 ቀን 1995

አባዬ፣

ካልሲዎቹ ደርሰውኛል፤ አመሰግናለሁ። እዚህ በበጋም ያስፈልጋሉ።

ፎቶግራፉ ላይ ሁሉም ሲስቅ አንቺ ለምን አልሳቅሽም ብለሃል። ሌላው ሰው ሁሉ እውነቱን ነው የሳቀው። ዮስት አንደኛ ወጣ፤ ዘጠና ሺህ ሰው ስሙን ሲጠራ ነበር። መኪኖቹ ከአገር አገር የሚሄዱት በጭነት አውሮፕላን ነው። ጎማ የሚይዘው የብረት ክንድ አንድ ውድድር ከሮጠ ሁለተኛ አይገጠምም፤ ሳጥን ውስጥ ይገባና ለብረት ሰብሳቢ ይሰጣል። አንተ ብታይ ታለቅሳለህ። በሚቀጥለው ዓመት ብራዚልና ጃፓን እንሄዳለን።

ያልሳቅሁት በዚህ ነው። በአሥራ አራተኛው ዙር ፍሬኑ ሁለት ሰከንድ ያህል በራሱ ጊዜ ያዘ፣ በራሱ ጊዜ ለቀቀ። ዮስት ከመኪናዋ ሲወርድ «ውስጧ ሌላ ሰው አለ» አለኝ፤ እየቀለደ ነበር። ፋልክን ጠየቅሁት። ከኮምፒውተሩ ሦስት ገጽ ወረቀት አወጣ፣ አነበበ፣ «አልተከሰተም» አለ።

ከዚህ ሁሉ ነገር ውስጥ የማውቀው ነጭ መስመሮቼን ብቻ ነው። ዮስትም የሚያምነው እነሱን ብቻ ነው። ይኼ ለምን እንደሚያስፈራኝ አላውቅም።

ሪኬ

ኡልም፣ ጁን 24 ቀን 1996

አባዬ፣

ዮስት ደህና ነው። ሌላውን ከማንበብህ በፊት ይህን እወቅ። ዮስት ደህና ነው፤ ትናንት አራተኛ ወጥቷል። ደብዳቤውን ግን ብቻህን ሆነህ አንብበው።

ቅዳሜ በልምምድ ላይ ጓደኛው ማርቴን ከግድግዳው ተላትሞ እግሩ ሁለት ቦታ ተሰበረ። ፍሬኑ ነው አሉ፤ ከዚያ የራሱ ጥፋት ነው አሉ። እሁድ ጠዋት ዮስት ከሰዓቱ አርባ ደቂቃ ቀድሞ መጣ። ፊቱ አመድ መስሏል።

«እሜቴ፣ ነጩ የታለ?»

«ገና ነኝ። ሂድ ቁርስህን ብላ።»

«አይወርድልኝም። ነጩን አሳዪኝና ልብላ።»

አምስቱን የኋላ ቡሎኖች ጨርሼ ነበር። የኋላ ግራውን ክንድ የሚያስረውን ቡሎን ግን በጣቴ ብቻ ነበር ያስጠጋሁት። ቁርሱን እንዲበላ ብዬ እስክሪብቶዬን አወጣሁና አሰመርኩበት። እሱ ዞር ሲል ልኩ ላይ ሲደርስ ቀጭ በሚለው ቁልፍ አጠብቀዋለሁ፣ መስመሩን ደምስሼ በሥርዓቱ አሰምራለሁ ብዬ ነው። በአውራ ጣቱ ነካው። «አሁን እበላለሁ» ብሎ ሄደ። ወዲያው ፋልክ ጠራኝ። ስመለስ ነጩን መስመር አየሁት። የእኔ ነው፣ ቀጥ ያለ ነው፣ ስለዚህ ያለቀ ነው ብዬ አለፍኩት።

ከውድድሩ በኋላ ስፈታው ዳዶው በሁለት ጣቴ ዞረ። መስመሩ ለሁለት ተሰብሮ ግማሹ ከዳዶው ጋር ሄዷል። ሠላሳ ሁለት ዙር ነድቶባታል፤ ቀጥታው ላይ በሰዓት ከሁለት መቶ ሰባ ኪሎ ሜትር በላይ ነው የሚሄዱት። እስኪፈታ ስንት ዙር ይቀረው እንደነበር አላውቅም። ምናልባት አንድ።

ማንም አላየም። ዮስት «የነጩ ገድ ነው» እያለ ለሰው ሁሉ ያወራል። ብነግረው መንዳት የሚችል አይመስለኝም። ባልነግረው በሚቀጥለው እሁድ ደግሞ ያን ጣት መስመሬ ላይ ያሳርፋል። ምን ላድርግ?

ሪኬ

ሄርሽዳል፣ ጁን 30 ቀን 1996

ሪኬ፣

ደብዳቤሽን ምድጃ ውስጥ ከትቼዋለሁ። አንቺም ሁለተኛ እንዲህ ያለ ነገር በወረቀት አታስፍሪ።

ለዮስት አትንገሪው። የሚነዳ ሰው የሚጠራጠረው እጅ ከጀርባው ካለ ያ እጅ ነው የሚገድለው። ሦስት ጊዜ አጥብቂ። ሦስት ጊዜ ቀጭ ሳይል እስክሪብቶውን ከኪስሽ አታውጪ። ፍርሃቱ ይለመዳል። ሰው ከፍርሃቱ ጋር ቁጭ ብሎ ካርታ መጫወትም ይችላል።

ይህ ስሕተት በአንቺ አልተጀመረም። ስለዚህ ራስሽን አትብዪ።

ዛሬ ቀኑን ሙሉ ስልኩ ዝም ብሏል። ውድድሩ ካለቀ ጀምሮ እግዚአብሔር ይመስገን ስል ዋልኩ።

አባትሽ

ኡልም፣ ሴፕቴምበር 9 ቀን 1996

አባዬ፣

ሁለት ወር ዝም በማለቴ ይቅርታ። የምጽፈው አጥቼ ሳይሆን አትጻፊ ያልኸኝን ነገር እንዳልጽፍ ነው።

በጋዜጣ ያየኸው እውነት ነው። ከሚወዳደሩት ሦስት የመኪና ፋብሪካዎች ሁለቱ ወጪው አቅቶናል ብለው ወጥተዋል፤ አንዱ ብቻውን ከራሱ ጋር አይወዳደርም። የጃፓኑ ውድድር የመጨረሻው ነው። ከዚያ በኋላ ዋንጫው የለም። መካኒኮች አምስት ቀርተናል። ፋልክ ከሁለት ሳምንት በፊት ከሥራ ተሰናብቶ ሳጥኑን ይዞ ሲወጣ በሩ ላይ አገኘሁት። «ወይዘሪት ኦከንፌልስ፣ እውነቱን ልንገርሽ? ያን ፍሬን እኛም አልገባንም ነበር» አለኝ። ሳቅሁ። ማታ ግን እጄ መንቀጥቀጥ ጀመረ፤ እስካሁን አልተወኝም።

አዲስ ዕቃ አይገዛም። አንዴ ሮጦ ይጣል የነበረው ክንድ አሁን አራተኛ ውድድሩ ነው። እኔ ሦስት ጊዜ አጠብቃለሁ፣ እንደነገርኸኝ። ከዚያ ተመልሼ አራተኛ አጠብቃለሁ። ትናንት ዮስት አየኝ።

«ምን ሆነሻል? ዳዶውን ልታንቂው ነው?»

«ሥራዬን ልሥራበት።»

«ደግሞ እንደ ድሮው ፊት ለፊት አታይኝም። ዕዳ ያለብሽ ትመስያለሽ።»

ከዚያ በአውራ ጣቱ መስመሬን ነካ። ዞሬ ቁልፎቼን መደርደር ጀመርኩ።

ፍርሃቱ ይለመዳል ብለሃል። አልለመድኩትም። አንተስ በምን አወቅኸው? ደግሞ «በአንቺ አልተጀመረም» ብለሃል። በማን ተጀመረ? መስኮቶቹ አረንጓዴ ነበሩ፣ አባዬ። የአክስቴ አልበም ውስጥ እናቴ መስኮቱ ሥር ቆማ የተነሳችው ፎቶግራፍ አለ። አረንጓዴ ነበሩ።

ሪኬ

ሄርሽዳል፣ ሴፕቴምበር 18 ቀን 1996

ልጄ ሪኬ፣

አምስት ጊዜ ጀምሬ ቀድጃለሁ። ስድስተኛው ይህ ነው።

መስኮቶቹ አረንጓዴ ነበሩ። የቡሎን መስመሬን የማሰምረው ከመስኮቱ በተረፈው ቀለም ነበር። በ1974 ሪንጉ በሚባለው የውድድር መንገድ ላይ፣ የኦክቶበር ውድድር ቀን ጉም ወርዶ መነሻው ሁለት ሰዓት ዘገየ። ሃርትሙት ጉም ይፈራ ነበር። መኪናዋን እየዞረ «ጌርዊን፣ ተሰመረ?» ይላል። «ቆይ» እላለሁ። «ተሰመረ ወይ?» ይላል። የፊት ግራውን በጣቴ እንዳስጠጋሁት ቀለሜን ነክሬ አሰመርኩለት። እንዲረጋጋ ብዬ ነው። በአውራ ጣቱ ነካው፤ ቀለሙ አልደረቀም ነበርና ጣቱ አረንጓዴ ሆነ፤ ሳቅን። በድንገት ጉሙ ተገለጠ። ተነሱ ተባለ፤ ሳላጠብቀው ሄደ።

ሁለተኛው ዙር ላይ ያ ጎማ ተነቅሎ ሃርትሙት ተጋጨ። ስልኩን ያነሳችው እናትሽ ነበረች።

ስብርባሪው ሲጫን ቡሎኑን አገኘሁትና ኪሴ ከተትኩ። ማንም ሳይጠይቀኝ ዓይኔ ደክሟል ብዬ ሥራውን ተውኩ። በዚያው ሳምንት መስኮቶቹን ግራጫ ቀባኋቸው። እናትሽ «አብደሃል እንዴ? በዝናብ ቀለም ይቀባል?» አለች። ለእሷም አልነገርኳትም።

ቀላሉን ነው የነገርኩሽ። ከባዱ ይህ ነው። ሃርትሙት ሃያ ሁለት ዓመት ሙሉ ራሱን ነው የሚወቅሰው። «ጉም ፈርቼ መሪው ላይ እጄን አጠበቅሁ፤ የእኔ ጥፋት ነው» ይላል። ሐሙስ ሐሙስ፣ ሁለተኛው ቢራ ላይ፣ ሁልጊዜ ይለዋል። እኔም «ተወው፣ አለፈ» እለውና ካርታ እሰጠዋለሁ።

ጁን ላይ ዝም በዪ ያልኩሽ ለዮስት አስቤ አይደለም። አንቺ ከተናገርሽ እኔ ዝም ማለት ስለማልችል ነው። አባት ለልጁ የሚመክረው ይህን አልነበረም። የፈለግሽውን አድርጊ። እኔ ፈሪ ነኝ፤ ከእኔ ምክር አትጠይቂ።

አባትሽ

ጃፓን፣ ኦክቶበር 5 ቀን 1996

አባዬ፣

ደብዳቤህን አውሮፕላን ውስጥ ሁለት ጊዜ አነበብኩት። አልተቆጣሁህም። ይህን አስቀድሜ ልንገርህ፤ እንቅልፍ እንዳጣህ አውቃለሁ።

ረቡዕ ለዮስት ነገርኩት። ጎማዎቹ ከተደረደሩበት ኋላ ቁጭ ብለን ከሳጥን ሩዝ እየበላን ነበር። ሹካ አጥቶ በሁለቱ የመብያ እንጨት ሲታገል ነው የነገርኩት።

«ስንት ዙር?» አለ።

«ሠላሳ ሁለት።»

እንጨቶቹን አስቀመጠ። «እና አሁን ምን ልሁንልሽ ብለሽ ነው የምትነግሪኝ? እሁድ ያልቃል እኮ! አራት ቀን ዝም ብትዪ ዕድሜ ልኬን አላውቅም ነበር።»

«እሁድ ስለማያልቅልኝ ነው።»

«ለአንቺ እንዲቀልልሽ እኔ ላይ ጫንሽው።»

«አዎ። ግን ለሌላም ነው። ክንዱ አርጅቷል፣ ሰው የለንም፣ እጄ ይንቀጠቀጣል። መኪናዋ የሆነ ነገር ካለችህ እሷን ስማት። መስመሬን አትስማ።»

ተነስቶ ሄደ። ሁለት ቀን አላናገረኝም። ጋራዡ ውስጥ ሲያልፍ እንደ ግድግዳ ነው የሚያየኝ። ማርቴን በክራንች መጥቶ «ምን አጣላችሁ?» ቢለው «የሩዝ ነገር ነው» አለው።

ዛሬ ከሰዓት በኋላ መጣና እጁን ዘረጋ። «ቁልፉን ስጪኝ።» ሰጠሁት። የኋላውን ስድስት ቡሎን ራሱ፣ አንድ በአንድ፣ ቀጭ እስኪሉ ሞከራቸው። ሁሉም ጠብቀው ነበር። «አሁን አስምሪ» አለ። አሰመርኩ። በአውራ ጣቱ አልነካውም።

ቆሞ ከሩቅ አየው። «ፈርቻለሁ፣ እህት ዓለም» አለኝ። ከልጅነታችን ጀምሮ ይህን ቃል ሲናገር አልሰማሁትም። እኔ ነኝ ያስፈራሁት። ትክክል ሠርቼ እንደሆን ወይም እንደገደልኩት ነገ ነው የማውቀው።

ደብዳቤው ሲደርስህ ያለቀ ነገር ይሆናል። ነገ አልደውልም፤ ደንቡ ደንብ ነው። ስልኩ ዝም ይበልልህ።

ሪኬ

ሄርሽዳል፣ ኦክቶበር 16 ቀን 1996

ልጄ ሪኬ፣

ደብዳቤሽ ዛሬ ጠዋት ደረሰ፤ ከስልኩ አሥር ቀን ዘግይቶ። መኪኖቹን አሽጋችሁ ኡልም ስትመለሺ ይህን በርሽ ላይ ታገኚዋለሽ።

ያን እሁድ ስልኩን ለምን ቶሎ እንዳላነሳሁ ዮስት ጠይቆኝ አልመለስኩለትም። ለአንቺ ልመልስ። ቴሌቪዥኖቹ ሁሉ ትተውታል፤ የሚሞት ውድድር ማን ያሳያል። ስለዚህ ከጎሕ ጀምሮ ስልኩ ፊት ተቀምጬ አውራ ጣቶቼን ጨብጬ ነበር። ጠዋት ሁለት ሰዓት ካለፈ በኋላ ጮኸ። ቆጠርኩ፤ አሥራ ዘጠኝ ጊዜ ጮኾ ቆመ። እንደገና ጮኸ። አላነሳሁትም። እናትሽ ያን ጊዜ ከአንዱ ክፍል ወደ ሌላው እንዴት ሮጣ እንዳነሳችው አሰብኩ። ካላነሳሁት ገና አልሆነም ብዬ አሰብኩ። አዎ፣ ይህን የመሰለ ሞኝነት አሰብኩ።

ጎረቤቴ ሌኒ በኩሽናው በር ገባች። «ጌርዊን! ስልክህ መንደሩን ቀሰቀሰው። ጆሮህም ዓይንህን ተከትሎ ሄደ?»

«አንሺልኝ» አልኳት።

ፊቴን አይታ ቀልዷን ተወች። አነሳች። «አዎ... አዎ፣ እዚሁ ነው፤ ድንጋይ መስሎ ተቀምጧል» አለች። ከዚያ ወደ እኔ ዞራ «ና፣ በሕይወት ያለ ሰው ነው የሚያወራው» አለችኝ።

«አባዬ፣ ለምን አታነሳም?»

«ደንቡስ?»

«ደንቡ ከዋንጫው ጋር ሞተ። ስማኝ፤ አላሸነፍኩም። ስድስተኛው ዙር ላይ አቋርጬ ወደ ጋራዡ ገባሁ።»

አንቺ እዚያው ነበርሽ፤ ታውቂዋለሽ። ግን እሱ ለእኔ እንዴት እንደነገረኝ አታውቂም። ከኋላ ግራ በኩል መቀመጫው ሥር እንደምታንኮራፋ ድመት ያለ ትንሽ መንቀጥቀጥ ተሰማኝ አለ። መለኪያዎቹ ሁሉ ደህና ነው ይላሉ። «ድሮ ቢሆን ሪኬ አስምራበታለች ብዬ እነዳ ነበር፣ አባዬ። እምልልሃለሁ፤ እነዳ ነበር።» ሲፈቱት መስመርሽ ቀጥ ብሎ ነበር፤ ዳዶው ፀጉር ታህል አልዞረም። የተሰነጠቀው ከመስመሩ ሥር ያለው ክንድ ነው። የጥፍር ውፍረት ያህል ብረት ብቻ ይዞት ነበር አለኝ።  ውጭ አገር ስልክ ላይ ከድምፁ ጋር ባሕሩ ይሰማል።

«ፈርተህ ነበር?» አልኩት።

«አሁንም ፈርቻለሁ» አለ። «አንተስ?»

«እኔም።»

ከዚያ በኋላ ሐሙስ መጣ። ሃርትሙት ሁለተኛው ቢራ ላይ እንደ ልማዱ «እጄን አጠበቅሁ፤ የእኔ ጥፋት ነው» አለ። ልነግረው አፌን ከፈትኩ። «ካርታ ስጥ እንጂ» አለኝ ክላስ። ሰጠሁ። ይህን ስጽፍልሽ አፍራለሁ።

ዛሬ ያንቺን ደብዳቤ ካነበብኩ በኋላ መሳቢያውን ከፈትኩ። ቡሎኑ ዝጓል፤ አረንጓዴው ግን አልለቀቀም። የሃርትሙት የጣት አሻራ እላዩ ላይ አለ፤ ቀለሙ ሳይደርቅ ስለነካው ከነመስመሩ ደርቆ ቀርቷል። በቀኝ ዓይኔ እንኳ በደንብ ይታያል።

እውነቱን ብነግረው ሃርትሙት ከቤቱ ሊያወጣኝ ይችላል። ሁለተኛ ደጄን አይረግጥም ይሆናል። በሰባ አንድ ዓመቴ ያለኝ ጓደኛ እሱ ነው። 

ነገ ሐሙስ ነው። እንዳይመጡ ለክላስ ነግሬዋለሁ፤ እኔ ወደ ሃርትሙት እሄዳለሁ። ቡሎኑን በኪሴ እይዛለሁ። ካርታ አልይዝም።

አባትሽ ጌርዊን